የት ጋ ልፈርም?

እናቴ ባለፈው ሰኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ የመጣች ቀን ሻንጣዋን ሳሎን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ግድግዳው ፊት ቆመች። ከሰቀልኳቸው ሰባት ፎቶዎች መካከል ዓይኗ ያረፈው ጎንበስ ብሎ ጊታሩን እንደ መጥረቢያ መድረኩ ላይ ሊያሳርፍ በተዘጋጀው ጎረምሳ ላይ ነው።

"ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የገዛ ዕቃውን የሚሰብረው?"

"ተናዶ ነው።"

"በማን?"

"በዘበኞቹ። ሕዝቡ ከወንበሩ እንዳይነሳ ከልክለውበት።"

"ታዲያ ዘበኞቹን አይልም? ዕቃው ምን አደረገው?" ቀረብ ብላ ጠርዙን አየች። "ከታች የተጫጫረውስ ምንድን ነው?"

"ፊርማ ነው። ፎቶውን ያነሳችው ሴትዮ ፊርማ።"

"ምነው፣ ዋስ ሆናህ ነው?"

ዋጋውን ስትጠይቀኝ ግማሹን ቀንሼ ነገርኳት። ግማሹም አስደነገጣት። ስለ ዋሱ ያለችው ነገር ግን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ትዝ እያለኝ ብቻዬን ስስቅ አደርኩ። በኛ ቤት ፊርማ የሚፈራ ነገር ነው። አንደኛው አጎቴ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባው ዋስ ሆኖ ፈርሞ፣ ባልደረባው አገር ጥሎ ሲጠፋ ከደሞዙ እየተቆረጠበት አራት ዓመት ከፍሏል። ከዚያ ወዲህ አባቴ የትምህርት ቤት ቅጽ እንኳ ሦስቴ ሳያነብ አያስፈርመኝም ነበር። እንግዲህ እዚያ ቤት ያደግሁ ሰውዬ ነኝ፣ የማላውቀው ሰው ስሙን ስለጻፈበት ለአንድ ወረቀት የሁለት ሳምንት ደሞዜን የማወጣው።

የኮንሰርት ፎቶ ፍቅር የያዘኝ ምንም ባላየሁበት ኮንሰርት ነው። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ቦብ ማርሊ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላው ቀን፣ ቤተሰቡ ልደቱን መስቀል አደባባይ ሲያከብር ሕዝቡ መሃል ነበርኩ። መድረኩ ከቆምኩበት ሲታይ የክብሪት ቤት ታክላለች። ሰው ይገፋል፣ አቧራው ይነሳል፤ ማን እንደወጣ የምናውቀው ፊት ያሉት ሲጮኹ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ብቻ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቶ ክንዴን የሚያህል ሌንስ ደግኖ ይታየኝ ነበር። ከዘፋኞቹ ይልቅ የቀናሁት በእሱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ዝናብ ሸሽቼ አንድ ጋለሪ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ያው ማርሊ፣ ግን ላቡ የሚቆጠርበት ማርሊ ነበር። ዋጋውን አይቼ ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ስለ ማርሊ ፎቶ አንሺዎች ሳነብ ደግሞ ዴኒስ ሞሪስን አገኘሁት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 ለንደን ውስጥ ገና ተማሪ ሳለ፣ ከትምህርት ቀርቶ ስፒክ ኢዚ የሚባለው ክበብ ደጃፍ ላይ ማርሊን ሲጠብቅ ዋለ። ማርሊ ልጁን ወደደውና አብሮ እንዲጓዝ ጋበዘው። ትምህርት ቤት ቀርቶ ሰው ደጃፍ መቆም እኔም አውቅበታለሁ፤ ካሜራው ነው የጎደለኝ።

የመጀመሪያውን ግዢዬን መናገር አልወድም ነበር፤ አሁን ግን ጊዜው አልፏል። ጂሚ ሄንድሪክስ ተንበርክኮ፣ እየነደደ ባለው ጊታሩ ላይ እጆቹን ዘርግቶ እሳቱን ና ውጣ የሚለው የሚመስልበትን ፎቶ ሁላችሁም አይታችሁታል። ያነሳው ኤድ ካራፍ ነው። ሰኔ 18 ቀን 1967 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ ላይ፣ የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ መድረኩ ሥር ወንበር ላይ ቆሞ ነበር። ካሜራው ውስጥ የቀረችው ፍሬም አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷን እዚያ ላይ አዋላት። (ኋላ ካሜራውን ትቶ ምግብ አብሳይ ሆነ። ይሄንን ሳነብ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይበልጥ ወደድኩት።) ይህን ፎቶ "ፊርማ ያለበት" ተብሎ ኢንተርኔት ላይ በ180 ዶላር ሲሸጥ አይቼ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከፈልኩ። መጣ።

ሥራዬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ደም አያለሁ። ፎቶውን ለተረኛ ጓደኞቼ ላሳይ ይዤው የሄድኩ ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ እንዲያው ለጨዋታ ጠርዙን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ጥቁሩ ፊርማ ተበተነ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ነጥቦች ክብ ክብ ሠርተው፣ ልክ የጋዜጣ ፎቶ ሲቀርቡት እንደሚሆነው። ወረቀቱን ወደ ሄንድሪክስ ሸሚዝ ገፋ አደረግሁት፤ እዚያም ያው ነጥብ ነው። እጅ የያዘው ብዕር ነጥብ አይሠራም፣ መስመር ነው የሚጎትት። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይተኛል፣ ዘንበል ሲያደርጉት ለብቻው ያብረቀርቃል። ሰዎቹ ያደረጉት ፖስተሩን ከነፊርማው ማተም ነው። ሻጩን ጽፌ ብጠይቀው፣ ማስታወቂያው "ፊርማ ያለበት" ይላል እንጂ "በእጅ የተፈረመ" አይልም ብሎ መለሰልኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም አይልም። አባቴን አስታወስኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ የተማርኩት።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ከድሮም ጥሩ ቃል አለው፤ ፎቶ "አሳጠብኩ" እንላለን። እኔ ስፈልገው የኖርኩትም የታጠበውን ነው። በብር ጨው የተለበጠ ወረቀት ጨለማ ክፍል ውስጥ የኔጋቲቩን ብርሃን ይቀበልና ከሳፋ ወደ ሳፋ ሲነከር ምስሉ ቀስ እያለ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ የፋይበር ወረቀት (ፕላስቲክ ያልተለበጠው) ከሆነ በሚፈስ ውኃ አንድ ሰዓት ያህል ይታጠባል። አጣቢው ሰንፎ ቀድሞ ካወጣው ውስጡ የቀረው ኬሚካል ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣና ያጋልጠዋል። እንዲህ የታጠበውን ፎቶ በማጉያ ብታዩት ክብ ነጥብ የለውም፤ ያለው የፊልሙ ቅንጣት ነው፣ ጤፍ እንደፈሰሰበት ምንጣፍ። የኮንሰርት ፎቶ ደግሞ ቅንጣቱ ከሌላው ይበዛል፤ መብራቱ ትንሽ ስለሆነ ፊልሙን ከአቅሙ በላይ ያሠሩታል። እንደ ትራይ-ኤክስ ያለውን 400 የሚባል ፊልም (ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ንቃት ነው) እንደ 1600 ቆጥረው ያነሱና ሲያጥቡ ጊዜ ይጨምሩለታል። ጥቁሩ ይጠቁራል፣ ነጩ ይነጣል፣ ጤፉ ይወፍራል። እኔ ያንን ጤፍ ነው የምወደው።

አንሰል አዳምስ የተራራ እንጂ የመድረክ ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ግን ከካሜራው በፊት ፒያኖ የተማረ ሰው ስለነበረ ኔጋቲቩን ከሙዚቃ ኖታ፣ ህትመቱን ከጨዋታው ጋር ያመሳስለው ነበር። ለዚህ ነው ሰብሳቢዎች ፎቶው መቼ ተነሳ ከሚለው ሌላ መቼ ታጠበ ብለው የሚጠይቁት። በተነሳበት ሰሞን የታጠበው ውድ ነው። ፎቶ አንሺው በሕይወት ሳለ ኋላ ያሳተመው ከዚያ ይረክሳል። ከሞተ በኋላ የሚወጣው ደግሞ የወራሾቹ ማኅተም ያርፍበታል፤ ያኔ ስሙ አለ፣ እጁ ግን የለም። እኔ ከሦስቱ የማገኘው መሃለኛውን ነው። የመጀመሪያውን በመስታወት አየዋለሁ።

ከፊርማው ጎን 12/50 የሚል ነገር ታያላችሁ። ከ50 ቅጂ 12ኛው ማለት ነው፤ ሃምሳው ሲያልቅ በዚያ መጠን ሌላ አይታተምም። ብዙ ጋለሪ ቁጥሩ እየገፋ ሲሄድ ዋጋውን ይጨምራል፤ ስለዚህ ጓደኛሞች ሆነን አንድ ፎቶ ብንወድ ቀድሞ የገዛው ይስቅብናል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ 1/50 ካልሆነ ብሎ ይሟገታል። ይሄ ከመዳብ ቅርጽ ህትመት የመጣ ልማድ ይመስለኛል። መዳብ እየታተመ ሲሄድ ያልቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ይጠራሉ። ኔጋቲቭ ግን 50 ጊዜ ብርሃን ስላለፈበት አያልቅም። 1ም 50ም አንድ ናቸው፤ ለቁጥር ብላችሁ አትጨምሩ።

"ሌላ አይታተምም" የሚለውን ቃልም ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዊልያም ኤግልስተን የተባለው ታዋቂ የቀለም ፎቶ አንሺ በፈረንጅ አቆጣጠር በመጋቢት 2012 ድሮ በቁጥር ተወስነው ያወጣቸውን ጨምሮ 36 ሥራዎች በዲጂታል፣ በትልቅ መጠን እንደገና አሳትሞ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ወደ 5.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። የድሮዎቹን የገዛ አንድ ሰብሳቢ፣ ጆናታን ሶበል፣ ቃልህን አጠፍክ ብሎ ከሰሰው። በተከታዩ ዓመት የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ በሌላ መጠን፣ በሌላ ዘዴ የታተመው ሌላ ህትመት ነው፣ የአንተን ቅጂ ቁጥር አልነካም ብሎ። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ሻጩ ስንት ቅጂ እንዳለ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው፤ ያም ሆኖ ወረቀቱ የሚለው የሚለውን ብቻ ነው። አሁን ከመክፈሌ በፊት ሦስቴ አነባለሁ።

እናቴን ያስገረማት የጊታር ሰባሪ ፎቶ መስከረም 1979 በፈረንጅ አቆጣጠር ኒውዮርክ፣ ፓላዲየም ቲያትር ውስጥ የተነሳ ነው። ሰውዬው ዘ ክላሽ የሚባለው የእንግሊዝ ፐንክ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ፖል ሲሞኖን፣ ፎቶ አንሺዋ ፔኒ ስሚዝ ናት። መሣሪያውን አንስቶ ወደ እሷ ሲመጣ ወደ ኋላ እየሸሸች ነው ካሜራውን የተጫነችው፤ ስለዚህ ፎቶው ደብዘዝ ብሏል፣ ፎከስ የለውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሚወጣው አልበማቸው ሽፋን ሲመርጡት እሷ ደብዛዛ ነው ብላ ተቃውማ ነበር። አልሰሟትም። እኔ ሳሎን ያለው ላይ ስሟን ስትጽፍበት እያሰብኩ፣ "ይሄ እኮ ፎከስ የለውም አልኳችሁ" እያለች የምትፈርም ይመስለኛል። ከሰባቱ ሁሉ የማላስነካው እሱን ነው፤ ደብዛዛነቱ የሸሸችበት እርምጃ ነዋ።

ዛሬ እንደዚያ መሸሽ የለም። በትልልቅ ኮንሰርት ፎቶ አንሺ የሚገባው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ነው፤ ፍላሽ ክልክል ነው፤ ሦስተኛው ሲያልቅ ዘበኛ ትከሻውን ይነካዋል። ላብ የሚመጣው ደግሞ ከሦስተኛው በኋላ ነው። ጂም ማርሻል የሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ ፎቶ አንሺ ይሄንን ቢያይ ካሜራውን ይወረውር ነበር። ቢትልሶች ነሐሴ 29 ቀን 1966 በፈረንጅ አቆጣጠር ካንድልስቲክ ፓርክ ላይ የመጨረሻውን የሚከፈልበት ኮንሰርታቸውን ሲያሳዩ ከመድረክ ጀርባ አብሯቸው ነበር። በ1969 ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ዘፋኙን ጆኒ ካሽን እስቲ ለእስር ቤቱ አለቃ የሚሆን ፎቶ እናንሳ ቢለው፣ ካሽ የመሃል ጣቱን ቀሰረለት። ማርሻል እንደፈለገ እንዲገባ ካልተፈቀደለት ሥራ አይቀበልም ነበር ይባልለታል፤ ያነሳውንም መብት ለማንም አልሰጠም። አሁን ብዙ ወጣት ፎቶ አንሺ በሩ ላይ ውል ይቀርብለታል፤ ያነሳኸው የኛ ነው፣ ለዚህ ጋዜጣ አንዴ ብቻ አውጣው የሚል። ካልፈረመ አይገባም። ያም ፊርማ ነው፤ ከእኔ ግድግዳ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ብዕር።

ይሄ ሁሉ ሙያ ሆኖ ጋለሪ የተከፈተለት ብዙ ጊዜው አይደለም። ሙዚቃ ብቻ የሚሰቅለው ሞሪሰን ሆቴል ጋለሪ እንኳ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 ነው ኒውዮርክ ላይ የተመሠረተው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ሄንሪ ዲልትዝ ራሱ ፎቶ አንሺ ነው። ከዚያ በፊት ይሄ ሁሉ ኔጋቲቭ የጫማ ካርቶን ውስጥ የተኛ የመጽሔት ትራፊ ነበር።

ስለ አያያዝ ብዙ አልልም። ፀሐይ አታሳዩት፣ መስታወቱ አይንካው፣ ሙጫ የሚያነሳ ፍሬም ሠሪ ካያችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። እናቴ ከመጣች በኋላ አንድ ደንብ ጨምሬአለሁ፤ ዕጣን በረንዳ ላይ ነው የሚጨሰው። በዚህ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች።

ያኮረፈችው ሦስተኛው ቀን ላይ ሻንጣዋን ከፍታ፣ ዳዊቷ መሃል ያስቀመጠችውን አንዲት ፎቶ አወጣች። "ፎቶ ከወደድክ ይኸውልህ፣ በነፃ።" መዳፍ የምታህል ናት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጫፏ እንደ ማበጠሪያ የተከተፈ። መድረክ ላይ ነጭ ኮት የለበሱ ስድስት ሰዎች ቆመዋል። ከግራ ሁለተኛው፣ ትራምፔቱን ወደ ጣሪያው የቀሰረው፣ ያ ዋስ የፈረመው አጎቴ ነው። በ1963 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ጭፈራ ላይ። በጀርባዋ የፎቶ ቤቱ ወይን ጠጅ ማኅተም አለ። የሰው ስም የለም።

"ማን አነሳው?" አልኳት።

"ጎረቤታችን ነዋ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አሁን ልጁ ጋ ሜሪላንድ ነው ያለው።"

ሜሪላንድ! ከቤቴ አርባ ደቂቃ።

ቅዳሜ ሄድን። ጋሼ (እናቴ እንደዚያ ስላለቻቸው እኔም እንደዚያው አልኩ) ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ፣ ፎቶዋን መስኮቱ ጋ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩ። እኔ ስለ ሌንስ፣ ስለ ፍላሽ ልጠይቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ትራፊ ናት" አሉ።

"እንዴት ጋሼ?"

"ባለቤቱ ለአንድ ሌሊት አንድ ፊልም ነው የሚሰጠኝ። አሥራ ሁለት ፎቶ። አሥራ ሁለቱም ለሚጨፍረው ሰው ነው፣ ከፋዩ እሱ ነዋ። ባንዱ አይከፍልም። ያን ቀን አንዱ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ሳይነሳ ሄደ። አንዷ ተረፈችኝ። ይዣት ከምመለስ አልኩና ወደነዚህ አዞርኩት።"

ከዚያ ወዲያ ለባንዱ አንስተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁ። "በማን ፊልም?" አሉኝ።

ብዙ አሰብኩበትና፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ጋሼ ይፈርሙልኝ አልኳቸው። ደነገጡ። ልጃቸውን ዞር ብለው አዩ።

"ለምኑ ነው የምፈርመው? ደሞዝ ነው እንዴ?"

"ያነሱት እርስዎ ነዎት ብዬ ነው፤ ስምዎ እንዲኖርበት።"

"ማን አላነሳህም አለኝ?"

እናቴ ሳቀች። "ፈርምለት ጋሼ፣ ገንዘብ እየከፈለ የፈረንጅ ፊርማ ነው የሚሰበስበው። ያንተስ ምን አነሰው?"

ለስላሳ እርሳስ ይዤ ነበር። ከኋላ በኩል፣ ከማኅተሙ ራቅ ብሎ፣ ሳይጫኑ፣ ደንቡ ይሄ ነው። እርሳሱን ሳቀብላቸው ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ከደረት ኪሳቸው ሰማያዊ እስክርቢቶ አወጡ። "በእርሳስ የሚፈርም ሌባ ነው" አሉ። "የት ጋ ልፈርም?" ኋላውን ልገለብጥላቸው ስል ቀደሙኝ፤ ፊቷ ላይ፣ ባዶ ቦታ ፈልገው፣ የአጎቴ ነጭ ኮት ላይ አሳረፉት። ወረቀቱ ያብለጨልጫል፣ ቀለሙ አልይዝ አለ። መልሰው መላልሰው ተጫኑት። ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን፤ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፣ ግማሹ ጭረት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ቤት ስንመለስ መብራት ሥር ዘንበል አድርጌ ጀርባዋን አየሁት። የብዕሩ ጫና ወረቀቱን አልፎ፣ ስማቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ፣ በፎቶ ቤቱ ማኅተም መሃል አብጦ ወጥቷል።